ክሱ ነቀምቴ ሲከፈት

ሲሬ ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ የሚወስደው ዋና መንገድ መሐሏን የሚያቋርጣት ከተማ ናት። ባኮንና አኖን አልፎ የመጣ መኪና እዚህ ጥቂት አርፎ፣ ጉቴን ይዞ ወደ ነቀምቴ ይወጣል። ዙሪያው የበቆሎ አገር ነው። ኑጉም ጤፉም በርበሬውም አለ፤ አዝመራ ሲገባ ግን ከመንገዱ ዳር የሚደረደረው ጆንያ በአብዛኛው በቆሎ ነው። ከተማዋ የሲቡ ሲሬ ወረዳ መቀመጫ እንደመሆኗ የወረዳ ፍርድ ቤት አላት። ፍርድ ቤት ባለበት ደግሞ ማመልከቻ ጸሐፊ አይጠፋም።

አንድ አዛውንት ገበሬ በፌስታል የያዙትን ወረቀት ታቅፈው ወደ ጸሐፊው መጡ እንበል። የራሳቸውንና የጎረቤቶቻቸውን እህል አሰባስበው 300 ኩንታል በቆሎ ለአንድ ነጋዴ ሸጠዋል። ከፊሉ ተከፍሏቸዋል፤ 450,000 ብር ቀርቷል። ነጋዴው ስልክ ማንሳት ካቆመ ሰንብቷል። ይህ ለማስረዳት የያዝኩት ምሳሌ እንጂ የአንድ የተለየ ሰው ታሪክ አይደለም።

«ኦቦ፣ ሰውየው የት ነው የሚኖረው?»

«አሶሳ ነው ልጄ። ቤቱም መጋዘኑም እዚያ ነው።»

«እንግዲያው እዚህ አይታይልዎትም። ነቀምቴ፣ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ነው የሚከፈተው።»

«ገንዘቡ በዛ ብለህ ነው?»

«የገንዘቡ ነገር አይደለም። እርስዎ የኦሮሚያ ነዋሪ ነዎት፤ እሱ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ነው። የክልላችሁ መለያየት ነው።»

አዛውንቱ ግራ ቢጋቡ አይፈረድባቸውም። አብዛኛው ሰው ከፍተኛ ፍርድ ቤትን የሚያውቀው በይግባኝ ነው። የወረዳው ዳኛ ይፈርዳል፤ ቅር ያለው ወገን ነቀምቴ ይወጣል። በዚህ ልማድ «ከፍተኛ» ማለት የሌላውን ሥራ የሚመረምር፣ ከታች የመጣን መዝገብ ገልጦ ስህተት የሚፈልግ ቤት ነው። ይኸው ፍርድ ቤት ግን ሌላ ሥራም አለው። ማንም ዳኛ ያላየውን፣ ማንም ምስክር ያልተሰማበትን ጉዳይ ከሥሩ ጀምሮ ራሱ ይሰማል። የሕግ ሰዎች ይህን የመጀመሪያ ደረጃ ሥልጣን ይሉታል። የምሥራቅ ወለጋ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት በይግባኝ ሲያይ በሌላ ሰው ወንፊት የተነፋ እህል ይቀርብለታል፤ በመጀመሪያ ደረጃ ሲያይ ግን ገለባውም ፍሬውም ድንጋዩም አንድ ላይ ነው የሚመጣለት። ዳኛውም ባለጉዳዩም ጥንቃቄ የሚያስፈልጋቸው ለዚህ ነው። ጉዳዩ ለመጀመሪያ ጊዜ በሚሰማበት ቀን ያልተባለ ነገር በኋላ የሚባልበት ቦታ የለውም።

ጸሐፊው ለአዛውንቱ የሰጣቸው መልስ ምንጩ ሕገ መንግሥቱ ነው። በ1987 የጸናው ሕገ መንግሥት የፌዴራልና የክልል ፍርድ ቤቶችን ለየብቻ አቋቋመ፤ የፌዴራል ፍርድ ቤት ግን በየክልሉ ወዲያው አልተዘረጋም። በመሆኑም በአንቀጽ 80 የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ሥልጣን ለክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤቶች፣ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሥልጣን ደግሞ ለክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤቶች ተሰጠ። በ1995 በወጣው አዋጅ ቁጥር 322 የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት በአፋር፣ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ በጋምቤላ፣ በሶማሌና በደቡብ እንዲቋቋም ሲወሰን ኦሮሚያ ከዝርዝሩ ውስጥ አልነበረችም። ስለዚህ ወለጋ ላይ የሚነሳ የፌዴራል የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ዛሬም በክልሉ ዳኞች እጅ ነው።

የፌዴራል ጉዳይ የሚባለው የትኛው ነው? በ1988 የወጣው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 25 ዘርዝሮት ነበር፤ አሁን በ2013ቱ አዋጅ ቁጥር 1234 ተተክቷል። በተለያዩ ክልሎች በቋሚነት የሚኖሩ ሰዎች የሚካሰሱበት፣ የፌዴራል መንግሥት አካል ወይም የውጭ አገር ዜጋ ተከራካሪ የሆነበት፣ የፌዴራል አካል የመዘገበው የንግድ ማኅበር የሚመለከት፣ ቼክና ሐዋላ ሰነድን የመሰለ የሚተላለፍ ሰነድ ያለበት፣ የኢንሹራንስ ውል የሚያከራክርበት፣ የዜግነት፣ የፈጠራና የድርሰት መብት፣ በሕገ ወጥ መንገድ ተይዣለሁ የሚል ሰው አካሉ ነጻ እንዲወጣ የሚያቀርበው አቤቱታ ጭምር። እነዚህ የሩቅ ሰው ጉዳዮች ይመስላሉ። ሲሬ ላይ ቆሞ መንገዱን ላየ ግን የዕለት ተዕለት ናቸው። የጭነት መኪና አንዱን ገጭቶ ይሄዳል፤ ባለመኪናው የሌላ ክልል ሰው ነው፤ ከጀርባው የኢንሹራንስ ኩባንያ አለ። አንዱ ነጋዴ ለሌላው የሰጠው ቼክ ባንክ ሲደርስ ስንቅ የሌለው ሆኖ ይገኛል። በዚህ ዓይነት ጉዳይ የወረዳው ፍርድ ቤት አጠገብ መሆኑ አይጠቅምም። ዳኛው ቢራራ እንኳ ሥልጣኑ የለውም።

ይህን ነጥብ አጥብቄ የማነሳው መዘዙ ከባድ ስለሆነ ነው። ፍርድ ቤቱ የሥረ ነገር ሥልጣን የለውም የሚለው መቃወሚያ በማንኛውም ጊዜ ሊነሳ ይችላል፤ ተከራካሪው ዝም ቢል እንኳ ዳኛው በራሱ ሊያነሳው ይገባል። የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት ካሳተማቸው ቅጾች ውስጥ የሥር ፍርድ ቤቶች የፌዴራል ጉዳይ ያለሥልጣናቸው አይተዋል ተብሎ ውሳኔያቸው የተሻረባቸው መዝገቦች አሉ። ሦስት ፍርድ ቤት የተመላለሰ፣ ምስክር ያሰማ፣ የተፈረደለት ሰው «ክሱ ከመነሻው ያለቦታው ነው» ተብሎ ወደ ዜሮ ሲመለስ ማሰብ ያማል። ሲሬ ላይ ያለው ማመልከቻ ጸሐፊ «ሰውየው የት ነው የሚኖረው?» ብሎ መጠየቁ ከብዙ ዓመት እንግልት ያድናል።

ክስን በቀጥታ ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት የሚያስገባው ሁለተኛው በር የገንዘቡ መጠን ነው። ሁለቱም ተከራካሪ የኦሮሚያ ነዋሪ ሆኖ፣ ጉዳዩ የክልል ጉዳይ ሆኖ ሳለ ገንዘቡ የክልሉ ሕግ ለወረዳ ፍርድ ቤት ከፈቀደው ጣሪያ ካለፈ ክሱ በቀጥታ ነቀምቴ ይከፈታል። ጣሪያው ከዘመን ዘመን ሲወጣ የኖረ ነው። በ1958 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ የያኔው ከፍተኛ ፍርድ ቤት የሚያየው ከ5,000 ብር በላይ የሆነ ክርክርን፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት ከሆነ ከ10,000 ብር በላይ የሆነውን ነበር። በ1988 የፌዴራሉ መለኪያ 500,000 ብር ሆነ። በ2013 በወጣው አዋጅ ቁጥር 1234 ደግሞ 10 ሚሊዮን ብር ደረሰ። ከእነዚህ ቁጥሮች ጀርባ የብሩን አቅም መድከም ማየት ይቻላል፤ የዳኝነት አደረጃጀትም አብሮ ተለውጧል። በ1958 ሕግ ከወረዳ በላይ የአውራጃ ፍርድ ቤት ነበር። ዛሬ በወረዳውና በዞኑ መካከል ማንም የለም።

ከዚያ በፊት ያለው ጊዜ ሌላ ዓለም ነው። ነቀምቴ የሞሮዳ በከሬና የልጃቸው የኩምሳ ሞሮዳ መቀመጫ በነበረችበት ዘመን ዳኝነት ከገዢነት አይለይም ነበር። ገዢው ያስተዳድራል፤ ገዢው ይፈርዳል። ፍርድ ቤቶችን በደረጃ ያዋቀረው ከጣሊያን መውጣት በኋላ በ1934 የወጣው የዳኝነት አስተዳደር አዋጅ ነው። ከፍተኛ ፍርድ ቤት የሚለው ስምም ያኔ ነው በሕግ የጸናው።

ወደ አዛውንቱ እንመለስ። አሶሳ ድረስ ሄደው መክሰስ የለባቸውም። ውል የተደረገበት ወይም የሚፈጸምበት ቦታ ያለው ፍርድ ቤት ክሱን ማየት እንደሚችል የሥነ ሥርዓት ሕጉ ይፈቅዳል፤ በቆሎው ሲሬ ላይ ተሸጦ ሲሬ ላይ ነው የተጫነው። ስለዚህ ነቀምቴ ይበቃል። አሁን የሚጻፈው የክስ አቤቱታ ነው። በሕጉ ዓይን አቤቱታ የብሶት መግለጫ አይደለም። ከሳሽና ተከሳሽ ማን እንደሆኑ፣ አድራሻቸው የት እንደሆነ፣ መቼ ምን እንደተደረገ፣ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን የሚያገኘው በምን እንደሆነ፣ የሚጠየቀው ዳኝነት ምን እንደሆነና በገንዘብ ስንት እንደሚገመት በግልጽ መስፈር አለበት። ከሥሩ የማስረጃ ዝርዝር ይያያዛል። ምስክር ከሆነ ስሙና አድራሻው፣ ሰነድ ከሆነ ቅጂው፣ በሌላ ሰው እጅ ያለ ከሆነም ያለበት ቦታ።

የማስረጃ ዝርዝሩ ላይ ትንሽ ልቆይ። አዛውንቱ የሚዛን ሠራተኛውን ያስታውሳሉ፤ ሾፌሩን ያስታውሳሉ፤ የጫኑትን ልጆች ግን «ማን ማን ነበሩ?» ሲባሉ ያመነታሉ። ጸሐፊው የሚቸኩል ከሆነ ሁለት ስም ጽፎ ይዘጋዋል። ስድስት ወር ቆይቶ ነቀምቴ ላይ ሾፌሩ ሳይገኝ ሲቀር፣ «ሌላ ምስክር አለኝ» ቢሉ የሌላኛው ወገን ጠበቃ ይነሳል፤ በዝርዝሩ የለም፣ በመጀመሪያው ቀን አልቀረበም ይላል። ዳኛው በቂ ምክንያት ካላገኘ ይከለክላል። ይግባኝም አያድንም። የይግባኝ ፍርድ ቤት በመጀመሪያው ደረጃ ያልተነሳ ፍሬ ነገር አይሰማም፤ አዲስ ማስረጃ የሚቀበለውም በጠባብ ሁኔታ ብቻ ነው። በፌስታል ተጠቅልላ የመጣችው የሚዛን ወረቀት ቤት ተረስታ ብትቀር ኖሮ የክሱ ግማሽ ያኔውኑ አብሯት ይቀር ነበር።

አቤቱታው ተጽፎ ሲያልቅ የዳኝነት ክፍያ ይመጣል። ክፍያው በተጠየቀው ገንዘብ ልክ የሚሰላ ነው፤ ለረጅም ዘመን መነሻው በ1945 የወጣው የዳኝነት ክፍያ ደንብ ቁጥር 177 ነበር። 450,000 ብር የተከለከለ ገበሬ ሌላ ገንዘብ አውጥቶ መክሰስ እንዳለበት ሲሰማ የሚሰማውን አስቡት። መክፈል የማይችል ሰው ግን በሩ አይዘጋበትም። አቅም እንደሌለው በመሐላ አረጋግጦ ሳይከፍል ክስ እንዲመሠርት የሚፈቅድ ክፍል በሥነ ሥርዓት ሕጉ ውስጥ አለ። ፍርድ ቤቱ ሁኔታውን መርምሮ ይወስናል፤ ካሸነፈ ክፍያው ከተሸናፊው ይጠየቃል። ነቀምቴ ላይ ያለው የወለጋ ዩኒቨርሲቲም በሕግ ትምህርት ቤቱ በኩል ለአቅመ ደካሞች ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ይህን መብት የሚያውቅ ባለጉዳይ ጥቂት ነው። በየወረዳው ፍርድ ቤት በር ላይ በትልቁ ተጽፎ ቢለጠፍ ምንኛ ደግ ነበር።

ሬጅስትራሩ አቤቱታውን አይቶ ጎደሎ ካለው ይመልሳል፤ የተሟላ ከሆነ መዝገብ ይከፈትለታል፤ ቁጥር ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ ያ ቁጥር የባለጉዳዩ ስም ነው ማለት ይቻላል። መጥሪያ ከአቤቱታው ቅጂ ጋር ለተከሳሹ ይላካል፤ መልሱን በጽሑፍ ይዞ የሚቀርብበት ቀን ተቆርጦ ይጻፍበታል። አሶሳ ላለ ሰው መጥሪያ ማድረስ ቀላል ሥራ አይደለም። ሰውየው ይደበቃል፤ ሱቁ ተዘግቶ ይገኛል፤ ወይም «አላውቀውም» ይባላል። አድራሻው በእርግጥ ከጠፋ ፍርድ ቤቱ በጋዜጣ እንዲጠራ ያዛል። መጥሪያ በአግባቡ ደርሶት ያልቀረበ ተከሳሽ ጉዳዩ በሌለበት ይታያል፤ በቂ ምክንያት ካለው ባወቀ በአንድ ወር ውስጥ ውሳኔው እንዲነሳለት ማመልከት ይችላል። ከሳሹ ከቀረ ደግሞ ክሱ ሊሰረዝበት ይችላል። ባለፉት ዓመታት በጸጥታ ችግር የወለጋ መንገዶች በተዘጉባቸው ቀናት ስንት ሰው ከሲሬም ከሌላም ወረዳ ተነስቶ መድረስ አቅቶት እንደቀረ፣ መንገድ መዘጋቱን ደግሞ በማስረጃ አሳይ እንደተባለ ሳስብ ልቤ ይከብዳል። ሕጉ «በቂ ምክንያት» ሲል የዳኛውን ርኅራኄም የዳኛውን አስተዋይነትም የሚጠይቅ ሐረግ ነው ያስቀመጠው።

አሁን የመጀመሪያው የክርክር ቀን ደረሰ። ከጠዋቱ በኮሪደሩ ላይ ሰው ተደርድሯል። ከአርጆ የመጣ አለ፤ ጋቢውን ተከናንቦ ግድግዳ የተደገፈ አለ። የችሎት ሠራተኛው በር ላይ ቆሞ የከሳሽና የተከሳሽ ስም ይጠራል። የችሎቱ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፤ ቋንቋውን የማይችል ተከራካሪ በአስተርጓሚ ይከራከራል። አዛውንቱ ባርኔጣቸውን አውልቀው ይገባሉ። ነጋዴው ከጠበቃው ጋር መጥቷል። የመከላከያ መልሱ አስቀድሞ መዝገቡ ውስጥ ገብቷል።

ዳኛው መጀመሪያ የሚያየው መቃወሚያውን ነው። የሥነ ሥርዓት ሕጉ የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ የሚላቸው በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ፍርድ ቤቱ ሥልጣን የለውም፤ ጉዳዩ ቀድሞ ተፈርዶበታል፤ በሌላ ፍርድ ቤት በመታየት ላይ ነው፤ ከሳሹ የመክሰስ መብት የለውም፤ ጉዳዩ በይርጋ ታግዷል፤ በሽምግልና ዳኝነት እንዲያልቅ ተስማምተን ነበር። ተከሳሹ እነዚህን በዚህ ቀን ካላነሳ፣ ፍርዱን ከናካቴው ዋጋ የሚያሳጣው ካልሆነ በቀር፣ እንደተዋቸው ይቆጠራል። ይርጋን ደግሞ ዳኛው በራሱ አያነሳም። ባለዕዳው ራሱ መናገር አለበት።

መቃወሚያው በብይን ካለፈ ዳኛው ወደ ሰዎቹ ፊቱን ያዞራል። በእኔ አመለካከት የጠቅላላው ሂደት እምብርት ይህ ነው። ሕጉ ዳኛው ወረቀት አንብቦ ብቻ እንዲሄድ አልተወውም። ተከራካሪዎቹን ራሳቸውን ጠይቆ የትኛውን እንደሚያምኑና የትኛውን እንደሚክዱ እንዲያጣራ ያዘዋል።

«በቆሎ ተረክበዋል?»

«አልተረከብኩም፣ ክቡር ፍርድ ቤት።»

«ለከሳሽ በባንክ ገንዘብ ልከዋል?»

«ልኬያለሁ።»

«ለምን?»

«ያበደርኳቸው ነው። እንዲያውም ዕዳው የእሳቸው ነው።»

ከዚህ አጭር ምልልስ ብዙ ነገር ወጣ። ገንዘብ መላኩ ታመነ፤ ከእንግዲህ ማስረጃ አይፈልግም። የተካደው ርክክቡ ነው። ብድር የሚለው ደግሞ አዲስ ነገር ነው፤ ነጋዴው በመልሱ የተከሳሽ ከሳሽነት አቅርቦበታል። ዳኛው በዚህ ላይ ጭብጥ ይይዛል። አንደኛ፣ ከሳሽ 300 ኩንታል በቆሎ ለተከሳሽ ሸጠው አስረክበዋል ወይስ አላስረከቡም? ሁለተኛ፣ በባንክ የተላከው ገንዘብ ብድር ነው ወይስ የበቆሎው ዋጋ ክፍያ?

የጭብጡ አያያዝ የማስረጃውን ዕጣ ይወስናል። የእህል ሽያጭ በጽሑፍ ካልሆነ አይጸናም የሚል ሕግ የለም፤ ስለዚህ አዛውንቱ የሚዛን ሠራተኛውንና ጫኞቹን አቅርበው ማስረዳት ይችላሉ። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በተደረገ እምነት ወይም መሐላ ብቻ ነው ይላል። ነጋዴው «ሦስት ሰው ፊት ነው ያበደርኳቸው» ቢል ሦስቱ ሰዎች አይሰሙለትም። የባንኩ ደረሰኝ ገንዘብ መተላለፉን ያሳያል እንጂ ለምን እንደተላለፈ አይናገርም። ዳኛው ጭብጡን አደበላልቆ «ተከሳሽ ዕዳ አለበት ወይስ የለበትም?» ብሎ በደፈናው ቢይዘው ኖሮ የማይገባው ምስክር ሁሉ ይገባ፣ መዝገቡ ያብጥ፣ ፍርዱም ይናጋ ነበር። ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጉዳይን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰማ ልምድ ያለው ዳኛ የሚያስፈልገው ለዚህች ለግማሽ ሰዓት ሥራ ነው እላለሁ። የፍርዱ ሐተታ ስንት ገጽ ቢሆን መነሻው እዚህ የተያዙት ሁለት መስመሮች ናቸው።

በምስክሮች መሰሚያ ቀን የሚዛን ሠራተኛው ይምላል። ያቀረበው ወገን በዋና ጥያቄ ያየውን ያስነግረዋል፤ መልሱን በአፉ ማስቀመጥ ግን አይፈቀድለትም። በመስቀለኛ ጥያቄ ጊዜ ያ ክልከላ ይነሳል።

«ሚዛኑን ያነበብከው አንተ ራስህ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ወረቀቱ ላይ ያለው ጽሕፈት ግን ያንተ አይደለም።»

«ጸሐፊዋ ናት የጻፈችው። እኔ እጠራላታለሁ፤ እሷ ትጽፋለች።»

«እሷ ምስክር ሆና አልተቆጠረችም። አይደለም?»

ይህን ጥያቄ ሲሰሙ አዛውንቱ የሲሬውን የማመልከቻ ጠረጴዛ ያስታውሱ ይሆናል። ያቀረበው ወገን በድጋሚ ጥያቄ የተደናገረውን ያጠራል፤ ዳኛውም የማጣሪያ ጥያቄ ያቀርባል። የይግባኝ ዳኞች ይህን ሰው አያዩትም። ላቡን፣ ማመንታቱን፣ ወይም በእርጋታ መመለሱን የሚያየው የነቀምቴው ዳኛ ብቻ ነው። ወደ ላይ የሚሄደው የተጻፈው ቃል ነው።

የርቀቱን ነገር ሳልናገር አላልፍም። ከሲሬ ነቀምቴ በመኪና ሩቅ አይባልም። ምስክር ይዞ መሄድ ግን ሌላ ነው። ሦስት ጫኞች የቀን ሥራቸውን ትተው ይሄዳሉ፤ ትራንስፖርታቸውን፣ ምሳቸውን፣ ቀጠሮው ካደረም አዳራቸውን የሚችለው የጠራቸው ሰው ነው። «ዳኛው ስብሰባ ላይ ናቸው» ወይም «ተከሳሽ አልቀረበም» ተብሎ ቀጠሮ ሲለወጥ ወጪው ይደገማል፤ በሁለተኛው ቀን ከሦስቱ አንዱ ይቀራል። ክረምት ላይ ፍርድ ቤት ሲዘጋ ደግሞ ክርክሩ ወራት ይገፋል። ከፍተኛው ፍርድ ቤት በዓመት ጥቂት ቀን እንኳ ሲሬ ላይ ተዘዋዋሪ ችሎት ቢሰየም፣ አንድ ዳኛና አንድ ጸሐፊ መጥተው የምስክር ቃል በወረዳው ፍርድ ቤት አዳራሽ ቢሰሙ፣ ሃያ ሰው ከሚመላለስ ሁለት ሰው ቢጓዝ ይሻላል። ሥልጣኑን ወደ ወረዳ ማውረድ አያስፈልግም፤ ወንበሩን ለጥቂት ቀን ማንቀሳቀስ ይበቃል።

በዚህ መሐል ሽማግሌዎች አይጠፉም። በወለጋ የጃርሳ ቢያ፣ ማለትም የአገር ሽማግሌዎች፣ ሥርዓት ሕያው ነው፤ በ2013 ደግሞ የኦሮሚያ ክልል በአዋጅ ቁጥር 240 ለባህላዊ ፍርድ ቤቶች ሕጋዊ እውቅና ሰጥቷል። በከፍተኛው ፍርድ ቤት የተከፈተ ክርክርም በየትኛውም ደረጃ በዕርቅ ሊያልቅ ይችላል። ስምምነቱ ተጽፎ ለዳኛው ይቀርባል፤ ሕግንና ሞራልን የማይቃረን ከሆነ መዝገቡ ውስጥ ገብቶ እንደ ፍርድ ይፈጸማል። ለብዙ የአካባቢው ሰው ይህ ከፍርዱ ይልቅ ልብ ያሳርፋል። የበቆሎው ባለቤትና ነጋዴው ለከርሞም ሊገበያዩ ይችላሉና። የገጠር መሬት ክርክር ከሆነ ደግሞ መንገዱ ከነአካቴው ሌላ ነው። በ1999 የወጣው የክልሉ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 130 ክርክሩ ከቀበሌና ከሽማግሌዎች እንዲጀምር፣ ከዚያ ወረዳ ፍርድ ቤት እንዲደርስ አድርጎ ነው የቀረጸው፤ ነቀምቴ የሚመጣው በይግባኝ ነው። የአንድ ሰው የበቆሎ ክስ ነቀምቴ ተጀምሮ በቆሎው የበቀለበት መሬት ክርክር ቀበሌ የሚጀመርበት ምክንያት ይህ ነው።

ዕርቅ ካልመጣ ፍርድ ይመጣል። ፍርዱ የክርክሩን ይዘት፣ የተያዘውን ጭብጥ፣ የተሰጠውን ውሳኔና ምክንያቱን መያዝ አለበት። ምክንያት የሌለው ፍርድ ለይግባኝ ዳኛም ለተሸናፊም አይረዳም። ቅር ያለው ወገን በ60 ቀን ውስጥ ለኦሮሚያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይግባኝ ይላል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መዝገቡን አይቶ የሚያስቀርብ ነጥብ ካላገኘበት መልስ ሰጪውን ሳይጠራ ሊሰርዘው ይችላል፤ ካገኘበት ግራ ቀኙን ያከራክራል። ከዚያ በላይ መሠረታዊ የሕግ ስህተት አለ የሚል ሰው ሰበር ድረስ ይሄዳል። የፌዴራል ሰበር የሚሠራው በአማርኛ ስለሆነ በአፋን ኦሮሞ የተጻፈው ውሳኔ ተተርጉሞ መቅረብ አለበት፤ ያም ሌላ ወጪ ነው።

አዛውንቱ ቢረቱስ? ፍርዱ ነቀምቴ ላይ ነው ያለው፤ መጋዘኑ አሶሳ ነው። የፍርድ ባለመብቱ የአፈጻጸም መዝገብ ይከፍታል፤ ነቀምቴ ያለው ፍርድ ቤት ንብረቱ ወዳለበት ቦታ ፍርድ ቤት በውክልና እንዲፈጸም ይልካል፤ እዚያ ያለው ፍርድ ቤት ንብረቱን ያስከብራል፣ ያስገምታል፣ ለሐራጅ ያወጣል። በዚህ መካከል መጋዘኑ በሌላ ሰው ስም ዞሮ ሊገኝ ይችላል። ተከሳሹ ንብረቱን ለማሸሽ ተዘጋጅቷል የሚል ከሳሽ ፍርድ ከመሰጠቱ በፊት ንብረቱ እንዲያዝለት መጠየቅ እንደሚችል የሥነ ሥርዓት ሕጉ ይፈቅዳል፤ ጥያቄውም ሲሬ ላይ ከሚጻፈው አቤቱታ ጋር በዚያው ቀን በቃለ መሐላ ተደግፎ ሊቀርብ ይችላል።